በስቱኮ ሥር ያለው ቁጥር

ቀራንዮ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነገሬ፤

ጤናዎን ከሁሉ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። የሆሳዕናው ሾፌር ደሜ፣ «ጆሮው ጨርሶ አይሰማም፤ ስልክ ብትደውይ ትርፉ ጩኸት ነው፤ በወረቀት ጻፊለትና እኔ አደርስልሻለሁ» ስላለኝ ከዚህ በኋላ በእሱ እጅ እልካለሁ።

ባለፈው ሳምንት ስለ ሞተር ቀለም የላክሁት ማስታወሻ ሰላምታ እንኳ በወጉ ያልያዘ መሆኑን ሳስበው አፍራለሁ። ለዚያ «አሁን ምን አስታወሰሽ?» ብለው የመለሱልኝ ጥያቄ ተገቢ ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት ዝምታ በኋላ ሰው ስለ ቀለም ብቻ አይጽፍም።

ምክንያቱን እነሆ። አባቴ በመስከረም ኑዛዜውን በእኔ እጅ ማስጻፍ ጀመረ። ቤቱን አስጻፈ፤ መጻሕፍቱን አስጻፈ። ወደ ፊያቷ ሲደርስ ግን ቃል በቃል እንዲህ አለኝ፦ «መኪናዋ የእኔ ናት። በውስጧ ያለው ሞተር ግን የእኔ አይደለም። የእኔን አውጥቶ ይህን አሮጌ ያስገባብኝ መካኒኩ ነገሬ ነው። ይኸም ይጻፍ፤ ልጆቼ ይወቁት።» እስክሪብቶው አለቀ ብዬ ተነሣሁ። አላለቀም ነበር።

ኑዛዜው ላይ ምስክር ሆነው የሚፈርሙት የዕድራችን ሰዎች ናቸው። ቀኑም ዕድሩ የሚሰበሰብበት እሑድ፣ ታኅሣሥ 6 እንዲሆን ተቆርጧል። ያ ዓረፍተ ነገር ከዚያ ቀን በኋላ የሚሰረዝ አይመስለኝም። አባቴ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው።

ያሰብሁት ይህን ነው። የሞተሩን የብረት ክፍሎች በሙሉ እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አጥቤ፣ ያለባቸውን ቀለምና ስቱኮ አስለቅቄ እንደገና እቀባቸዋለሁ። በብሎኩ፣ በሞተሩ ዋና ገላ፣ ግራ ጎን፣ በስቱኮው ሥር የሞተሩ ቁጥር አለ። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ቁጥር በእጄ ነው። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን እርስዎና እኔ ሳናየው እናውቃለን።

ስለዚህ ምክርዎን እለምናለሁ። ቁጥሩን ሳልጎዳ ስቱኮውን በምን ላስለቅቅ? ቀለም ጨርሶ የማይነካው የትኛው ፊት ነው? ሙቀቱንስ የሚችል ቀለም የትኛው ነው?

አክባሪዎ፣
ሸዋገነት ሀብተሥላሴ

* * *

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 21

ሸዋዬ፣ እንዴት ነሽ?

እኔ ደህና ነኝ። ጆሮዬ ሄዷል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞተር ሲደበድበው የኖረ ጆሮ ምን ይሁን? ጥቅምም አለው። ጎረቤቴ ሲሰድበኝ ፈገግ እላለሁ፤ እሱም «ነገሬ ጨዋ ሰው ነው» ይላል አሉ።

አሁን ወደ ሥራሽ። ከሁሉ በፊት ቅባቱን አስለቅቂ። በቅባት ላይ የተቀባ ቀለም የሐሰት ምስክር ነው፤ ሙቀት የነካው ቀን ይክድሻል። በነጭ ጋዝ እጠቢ፣ በሳሙና ድገሚ፣ ፀሐይ ላይ አድርቂ። ቀዳዳውን ሁሉ አስቀድመሽ በጨርቅ ድፈኚ፤ ቆጥረሽ ድፈኚ፣ ቆጥረሽ አውጪ። አንድ ጨርቅ ውስጥ ከቀረ ሞተሩ ይበላዋል፤ ከዚያ አንቺን ይበላሻል።

ስቱኮውን በብረት እንዳትፊቂው። የቀለም ማስለቀቂያውን ቀብተሽ ታገሺ፤ እስኪያብጥ ድረስ ሻይ ጠጪ። ከዚያ በእንጨት ፋቂው። ቁጥሩ ጋ ስትደርሺ እንጨቱንም ጣይና በጥርስ ብሩሽ ሥሪ። ብረትና ብረት የሚሳሳሙበት ፊት ቀለም አይቀባም፤ በመሀላቸው ሦስተኛ ሰው አይገባም። ቀለሙን ስስ አድርገሽ ሦስት ጊዜ፤ አንድ ጊዜ ወፍራም የቀባ ሰነፍ ነው። ጦር ኃይሎች ሰፈር ያሉት ባለሱቆች «ይኼ ለሁሉም ይሆናል» ይሉሻል። ለሁሉም የሚሆን ቀለም ለምንም አይሆንም። ቆርቆሮው ላይ የሙቀቱ ልክ የተጻፈበትን ካላገኘሽ ባዶ እጅሽን ተመለሺ።

እንግዲህ የማትወጂውን ልንገርሽ። የግራውን ጎን ተይው። ሌላውን ሁሉ አሳምሪ፤ እዚያ ጋ ባለው ስቱኮ ላይ ደርበሽ ቀቢ። ሀብቴ ብሎኩን የሰነጠቀችው የገዛ ልጁ እንደሆነች፣ እኔም በነሐስ በይጄ፣ ስቱኮ ለብጄ እንደሸፈንኩላት በዚህ ዕድሜው ቢሰማ ምን ይተርፈዋል? ለማንም አልናገርም ብዬሻለሁ፤ ከሚስቴ በቀር አልተናገርኩም። ኑዛዜው ላይ ይጻፍ። እኔ ሆሳዕና ነኝ፤ ኑዛዜ አውቶቡስ ተሳፍሮ አይመጣም።

ግን እስቲ ንገሪኝ፤ እሱ እስከ የት ያውቃል?

ነገሬ

* * *

ቀራንዮ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነገሬ፤

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የሥራውን ክፍል እንዳሉት ፈጽሜያለሁ። የመጨረሻውን ክፍል ግን አልፈጸምሁም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ከአየር ጤና ያመጣኋቸው ሁለት መካኒኮች ሞተሩን በሰንሰለት አውጥተው በእንጨት ድጋፍ ላይ አስቀመጡልኝ። ከጎናችን ፎቅ እየተሠራ ስለሆነ የሲሚንቶ አቧራ እንዳይደርስበት ዙሪያውን በሸራ ከለልሁ። ሃያ ሦስት ቀዳዳ ደፍኛለሁ፤ በዝርዝር ጽፌዋለሁ። የቫልቩ ክዳን፣ የዘይት መያዣው ኮፓና ማራገቢያው ለየብቻቸው ታጥበው ደርቀዋል።

አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ የብሩሹን ድምፅ ይሰማል። ትናንት፣ «የሰው ሞተር ምን ያሳጥብሻል? ባለቤቱን ጥሪውና ይጠብ» አለኝ። ብሩሼን ነክሬ ቀጠልሁ። ለጥያቄዎ መልሱ ይህ ነው፤ ምንም አያውቅም።

በግራ ጎን ያለው ስቱኮ በሁለተኛው ቀን አብጦ ለቀቀ። ቁጥሩ ስድስቱም አኃዝ ጥርት ብሎ ወጥቷል። ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ አመሳከርሁት፤ አንድ ነው። ከቁጥሩ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ደግሞ የእርስዎ ብየዳ አለ፤ በግራጫው ብረት ላይ የጣት ርዝመት ያህል ቢጫ መስመር። ያን ቀን ተስፋ በተቆረጠበት ብረት ላይ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ መሠራቱን ያየሁት ገና አሁን ነው።

ሌላም ነገር ያየሁት አሁን ነው። አንዱን ሳይገልጡ ሌላውን መግለጥ አይቻልም ነበር። የእኔን ጥፋት በሸፈኑበት ስቱኮ የራስዎን ምስክር አብረው ቀብረውታል። አባቴ «ቁጥሩን አሳየኝ» ባለዎት ጊዜ እምቢ ያሉት ስለዚህ ነበር። እኔ እስከ ዛሬ በኩራት ይመስለኝ ነበር፤ ወይም እንዲመስለኝ ፈቅጄ ነበር።

ለእርስዎ አዲስ ባይሆንም፣ በእጄ ጽፌው ስለማላውቅ የዚያን ቀን ነገር ላስፍረው። ጥር 2000፣ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አባቴ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር። ቁልፉን ያለ ፈቃድ ወሰድሁ። ሦስት ጓደኞቼን አሳፍሬ ወደ ሰበታ ነዳሁ። ስንመለስ፣ ዓለም ገናን ሳናልፍ ሞተሩ ፈላ። ቆሜ ማብረድ ሲገባኝ ከመንገድ ዳር ቤት ቀዝቃዛ ውኃ ለምኜ በጋለው ሞተር ውስጥ አፈሰስሁ። ጧ ሲል ሰማሁት። በዚያው ሳምንት የፊዚክስ ፈተና ነበረብኝ፤ የሙቀት ምዕራፉን በሚገባ አጥንቼ ነበር።

ጋራዥዎ ድረስ ተጎትቼ የመጣሁት ያን ዕለት ነው። «አባቴ እንዳይሰማ» ብዬ አለቀስሁ። እርስዎም ቃል ገቡልኝ። ከጥገናው በኋላ የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ፤ አባቴም ሰማው። በሚያዝያ በዕድሩ ጉባኤ ላይ ተነሥቶ፣ «የሰው ሞተር የሚለውጥ እጅ የዕድራችንን ዕቃ ቤት ቁልፍ ሊይዝ አይገባም» ሲል እኔ በሴቶች ረድፍ ተቀምጬ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሲወጡ አየሁ። አልተናገርሁም።

ታኅሣሥ 6 እናገራለሁ።

አክባሪዎ፣
ሸዋገነት

* * *

ሆሳዕና፣ ኅዳር 12

ሸዋገነት፤

የለመንኩሽን አልሰማሽም። እሺ፣ እኔም የማልናገረውን ልናገር።

አንቺ «አልተናገርሁም» ብለሽ ጽፈሻል፤ ጥሩ። ያን ጊዜ ሃያ ዓመትሽ ነበር፤ አልፈርድብሽም። ኋላ ግን ሃያ አምስት ሆንሽ። ሠላሳ ሆንሽ። በላቦራቶሪ የመጠጥ ውኃ ጥራት የምትመረምሪ ትልቅ ሰው ሆነሻል ይሉኛል። ቁጥር ታውቂያለሽ። ታዲያ ዓመቱን የሚቆጥርልሽ ጠፍቶ ነው?

ለእኔ አይደለም። እኔ ወንድ ነኝ፤ ጋራዥ ዘግቼ አገሬ ገባሁ። ባለቤቴ አጸደ ግን እዚያው ቀራንዮ ተወልዳ ያደገች ናት። የኔን ቃል ብላ ከእናቷ ሰፈር ወጣች። የሌባ ሚስት ተብላ ወጣች። «ለሀብቴ ንገረው፤ እንደ ወንድምህ ነው፤ ልጅቱን አይገላትም» ስትለኝ፣ «ቃል ሰጥቻለሁ» እላት ነበር። አንድ ቀን ምን አለችኝ መሰለሽ? «ቃልህን ለእሷ ሰጠህ፤ ዋጋውን የምከፍለው ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። ይኸው ነው። በ2006 ስትሞት ከቀራንዮ አንድ ሰው አልመጣም። ዕድራችሁ ሠላሳ ዓመት ወጥ ስትሠራለት የኖረችውን ሴት አልቀበረም።

ስለዚህ ጉባኤ ፊት ቆመሽ «ነገሬ ንጹሕ ነው» ብትዪ ለእኔ ደስታ አይደለም። ለሟች ዘግይቷል። እኔ ደግሞ ከዚያ ዕድር የምለምነው የለኝም።

ግን ከተነሣሽ አይቀር ጉባኤውን አታስቀድሚ። አባትሽ ከጎረቤቱ እኩል ሊሰማው አይገባም። መጀመሪያ ለእሱ፤ ብቻውን፤ በቀን ብርሃን።

ቢጫውን መስመር ቀብተሽ እንደሆነ ጻፊልኝ።

ነገሬ

* * *

ቀራንዮ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነገሬ፤

ስለ ወይዘሮ አጸደ የጻፉትን ለመመለስ የሚበቃ ቃል የለኝም፤ ስለዚህ አልሞክርም። መሞታቸውን በዚያው ዓመት ሰምቼ ነበር። የማስተርስ ጽሑፌን እያዘጋጀሁ ነበርና «ስጨርስ እሄዳለሁ» አልሁ። ጨረስሁ፤ አልሄድሁም። ይህንንም እንዲያውቁት ያህል ነው።

መስመሩን አልቀባሁትም። ብሎኩን በሙሉ በመጀመሪያው ግራጫ ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ጠዋት ጤዛ ስላለ ከአራት ሰዓት በፊት አልጀመርሁም፤ በየዙሩ መሀል ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ጠብቄያለሁ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ በቫልቩ ክዳን ላይ አንድ ጠብታ ወርዶ ስላገኘሁ ክዳኑን እንደገና አስለቅቄ ከመጀመሪያው ጀመርሁ። ቁጥሩንና ብየዳውን ግን በወረቀት ፕላስተር ከልዬ ባዶአቸውን ተውኋቸው። ዝገት እንዳይነካቸው ሙቀት የሚችል፣ ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ብቻ አልፌባቸዋለሁ። ነሐሱ ከሩቅ ይታያል።

ምክርዎን ተቀብዬ ለአባቴ አስቀድሜ ነገርሁት። ኅዳር 17 ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ ነበር። ወንበሩን ሞተሩ አጠገብ አቀረብሁለት። ሊብሬውንና አጉሊ መነጽሩን ሰጠሁት። ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት።

ቁጥሩን አነበበ። ወደ ሊብሬው ተመለሰ። እንደገና ከመጀመሪያው አነበበ፤ በዚህኛው ጊዜ ጮክ ብሎ። በመጨረሻ መነጽሩን ወደ ታች አውርዶ፣

«ይህ ቢጫ መስመር ምንድን ነው?» አለኝ።

«የእኔ ነው» አልሁት።

ለእርስዎ የጻፍሁትን ነገርሁት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ስጨርስ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፦ «ጉባኤው ላይ ነበርሽ?» «ነበርሁ» አልሁት። መነጽሩን ሊብሬው ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእህል ውኃና ከመድኃኒት በስተቀር ስለ ምንም አላነጋገረኝም። ዘጠኝ ቀን ሆነ። ቅር አላለኝም፤ ዘጠኝ ቀን ከአሥራ ሰባት ዓመት ጋር ሲመዘን ቀላል ነው። ትናንት ማታ እራት ላይ ግን ሳያየኝ፣ «ዕድሩ እሑድ ሳምንት ነው?» አለ። «አዎን፣ ታኅሣሥ ስድስት» አልሁት። «እኔም እመጣለሁ» አለ።

ሊቃወመኝ ይሁን ወይም ሌላ አላውቅም። ያም ሆነ ይህ እናገራለሁ። የምናገረውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ አንድ ገጽ ነው።

አክባሪዎ፣
ሸዋገነት

* * *

ቀራንዮ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ነገሬ፤

ከዕድሩ የሚለምኑት እንደሌለ ጽፈውልኛል፤ ይህን የምጽፈውም እንዲደሰቱበት ብዬ አይደለም። ስለ እርስዎ የተነገረውን ነገር ከሌላ አፍ ቀድመው እንዳይሰሙት ብዬ ነው።

የአሁኑ የዕድሩ ዳኛ አቶ ሰብስቤ ናቸው። የመዋጮውና የድንኳኑ ጉዳይ እንዳለቀ እጄን አነሣሁ። «ከአጀንዳ ውጪ ነው፤ ለሚቀጥለው ወር ይያዝልሽ» አሉኝ። ወይዘሮ ምሥራቅን ያስታውሷቸዋል፤ የወይዘሮ አጸደ አብሮ አደግ ናቸው። ከኋላ ሆነው፣ «ሰብስቤ፣ ልጅቱ እየተንቀጠቀጠች ነው፤ ለሚቀጥለው ወር እየተንቀጠቀጠች ትቆይ ነው የምትለው?» አሉ። ሰው ሳቀ። ተፈቀደልኝ።

ገጹን አነበብሁ። የሊብሬውን ቅጂና የቁጥሩን ፎቶግራፍ አስዞርሁ። አንድ ሽማግሌ ፎቶውን ወደ ብርሃን እያዞሩ፣ «ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ቀዝቃዛ ውኃ በጋለ ብረት ላይ እንደማይደፋ ሳትማሪ ቀረሽ? እኛ ድስት ስናጥብ እንኳ እናውቀዋለን» አሉ። እውነት ነው።

ከዚያ አባቴ ተነሣ። ተቀመጥ ቢሉት እምቢ አለ። የተናገረውን በቦታው ጽፌዋለሁ፦

«የሞተሩ ጥፋት የልጄ ነው። የነገሬ ጥፋት ግን የእኔ ነው። ሠላሳ ዓመት መኪናዬን ሳልቆልፍ የተውሁለትን ሰው፣ ቁጥሩን ለምን እንደማያሳየኝ ሳልጠይቅ ፈረድሁበት። እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ እኔ ስልሳ አራት ነበርሁ። በዚህ ወለል ላይ ቆሜ የተናገርሁትን በዚህ ወለል ላይ ቆሜ አንሥቻለሁ። ጸሐፊው ይጻፈው፤ ጽፎም ያንብብልኝ።»

ጸሐፊው ጻፈ፤ አነበበ። አባቴ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ሰማ። ያ ዓረፍተ ነገር በኑዛዜው ውስጥ የለም፤ ምስክሮቹም እሱ በሌለበት ወረቀት ላይ ፈርመዋል።

ነገሩ ያለቀ መስሎን ልንነሣ ስንል ወይዘሮ ምሥራቅ፣ «የአጸደስ?» አሉ። «ሠላሳ ዓመት የዕድሩን ወጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ሞታ ለቅሶዋን አልደረስንም። ለቅሶ ዘገየ ተብሎ ይቀራል? ይቀራል ወይ?» አሉና ደግመው ጠየቁ። አቶ ሰብስቤ፣ «አይቀርም» አሉ።

ጉባኤው ለቅሶ ለመድረስ ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 26 ወደ ሆሳዕና ለመምጣት ወስኗል። ወደ ሃያ የሚሆን ሰው ነው። ነገር ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ አንድም ሰው እንዳይነሣ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ ጠይቄአለሁ፤ ተጽፏል። እምቢ ካሉ ማንም አያስገድድዎትም፤ ቅርም አይለንም።

እኔም ልምጣ ወይም አልምጣ የእርስዎ ፈንታ ነው።

ከዚህ በታች ያለውን መስመር የጻፈው አባቴ ነው። ሙሉ ደብዳቤ ሊጽፍ ሁለት ቀን ሞክሮ ቀደደው።

አክባሪዎ፣
ሸዋገነት

ነገሬ፣ ልምጣ?
ሀብተሥላሴ

* * *

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 15

ሀብቴ፤

ና።

ሸዋዬ፤ ይኼኛው ለአንቺ ነው። አባትሽን ከፊት ወንበር አስቀምጪው፤ ወልቂጤ ላይ አውርደሽ እግሩን አፍታቺው። መንገዱ ለሽማግሌ ወገብ አይሆንም።

ስለ አንቺ ጠይቀሻል። እውነቱን ከፈለግሽ ቂሙ አልወጣልኝም። ደብዳቤሽ ሲመጣ ደስ ይለኛል፣ ሳነበው ደግሞ እናደዳለሁ፣ ጨርሼ አጥፌ አስቀምጠዋለሁ። ይኼ ምን እንደሚባል አንቺ ነሽ የተማርሽው። ነይ። ወንበር አለ። ከማን አጠገብ እንደምትቀመጪ ግን እኔ አልነግርሽም፤ ራስሽ ታዪዋለሽ።

ለዘመዶቼ ተናግሬአለሁ። «ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የምን ለቅሶ ነው?» የሚል አልጠፋም። እንዲህ አልኳቸው። አጸደ የሞተች ጊዜ ብዙ ሰው ነበር፤ ቤቱ አይበቃም ነበር። ሁሉም ግን የእኔ ዘመድ ነው፤ ለእኔ ብሎ የመጣ ነው። እሷ ልጅ ሆና ምን ትመስል እንደነበር፣ ምን ያስቃት እንደነበር፣ ለማን ምን ብላ እንደመለሰች የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ያን ቀን ያለቀስነው ለነገሬ ሚስት ነው። ለአጸደ ገና አልተለቀሰም።

ምሥራቅ ትምጣ። አደራ፣ እሷ እንዳትቀር።

በማለዳ ተነሡ፤ ቀኑ አጭር ነው።

ነገሬ